ሊኖር የማይችለው ናሙና

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንደ ትናንት። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ሄድኩ፣ ቆሜ ተመለስኩ። ወገቤ አለቀ።

ቢሮ ስገባ የኮድ ጸሐፊዎች የኢንተርኔት ግሩፓችን ተደበላልቋል። ሦስት መስመር ኮድ። የአንዲት ፈንክሽን፣ የአንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ፣ ስም ምን ይሁን በሚል ሁለት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ... ሦስት መቶ ሰው! ሁላችንም ፕሮግራምን እንደ ሂሳብ ቀመር የመጻፍ፣ የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ወዳጆች ነን፣ ሁላችንም ኮዳችን ንጹህ ነው እንላለን፣ ስም ላይ ስንደርስ ግን ጉሮሮ ለጉሮሮ እንተናነቃለን። አስተዳዳሪ ተብዬዋ እኔ ነኝና "ሁለቱም ስም ያስኬዳል" ብዬ ጻፍኩ። ከሁለቱም ወገን ስድብ ቀረሽ መልስ መጣልኝ። ተውኳቸው።

ከሰዓት ሊቁ ደወለ። ሊቁ የምንለው ያላነበበው የሂሳብ መጽሐፍ ስለሌለ ነው። ሠርቶ ያስረከበውን ፕሮግራም ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። ጥቅምት 22 የግሩፑ የወር ስብሰባ ላይ እንድናገር ይፈልጋል። ርዕሱንም አውጥቶልኛል፤ "ስህተት ሊጻፍበት የማይችል ፕሮግራም"። ለምሠራበት ሆስፒታል የሠራሁትን የላቦራቶሪ ሲስተም በምሳሌነት አቅርቢ አለኝ። እሺ አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ያልወደቀ ሲስተም ነው። በሌላ በምንም አልኮራም፣ በዚህ እንኳን ልኩራ እንጂ።

እራት ላይ እማዬ ጉልበቷን እያሸች፣ ለመሆኑ ስራሽ ምንድነው አለችኝ። ለስንተኛ ጊዜ? እንደገና አስረዳኋት። ሰው የተሳሳተ ነገር ላስገባ ቢል ፕሮግራሙ ገና ከበሩ እምቢ እንዲል አድርጌ ነው የምሠራው። ለምሳሌ የደም ናሙና ከሆነ የማን እንደሆነ ሙሉ ስም ካልተሞላ አይቀበልም።

"እምቢ ማለቱንማ አንቺ ድሮም ታውቂበታለሽ" አለች።

ጥቅምት 7፣ አርብ

ለስብሰባው ስላይድ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ተውኩት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሜዲካል ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪና አደጋ ነበር። ሁለት ወንዶች ድንገተኛ ክፍል ገቡ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ስተዋል፣ መታወቂያ የላቸውም። ከሁለቱም ደም ተቀዳ፣ ላቦራቶሪ መረመረ፣ ውጤቱ ወጣ። አንደኛው ደም ሊሰጠው ከረጢቱ ተሰቅሎ፣ ነርሷ ወረቀቱን ድጋሚ ስታየው ከአንድ ሰዓት በፊት ከወጣው ወረቀት ጋር አይገጥምም። አንድ ሰው፣ ሁለት የደም ዓይነት። አስቆመችው። የተሰቀለው ለዚያኛው ሰውዬ የሚሆን ደም ነበር።

ዳይሬክተሩ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። "ኢንጂነር፣ ነርሷ ባታይ ኖሮ ገድለነው ነበር" አለኝ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር።

ሁለቱም ሰዎች ደህና ናቸው። ተመስገን። የእኔ ድርሻ እንዴት እንደተፈጠረ ከሲስተሙ አውጥቼ እስከ ረቡዕ ሪፖርት ማቅረብ።

የእኔ ሲስተም ይሄን አያደርግም። አያደርግም። ናሙና ያለ ባለቤቱ አይገባም እኮ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አገኘሁት።

ሁለቱም ወንዶች የተመዘገቡት በአንዲት ሴት ስም ነው። እንግዳ እንግዳ እንግዳ ትባላለች። የራሷ፣ የአባቷ፣ የአያቷ ስም። ፎርሙ ሦስቱም ካልተሞሉለት አያሳልፍም፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት። ጾታ፣ ሴት። የልደት ቀን፣ መስከረም 1።

ይቺ ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ምርመራ ተደርጎላታል። አራቱም የደም ዓይነት አላት። እርግዝና ተመርምራለች፣ ፕሮስቴትም ተመርምራለች። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ራሱን ስቶ የመጣ፣ መታወቂያ የሌለው፣ ማን እንደሆነ የጠፋበት... ሁሉንም እሷ ውስጥ አጭቀዋቸዋል።

መዝገቡን መጀመሪያ የከፈተችው ማን ናት? እታች ፎቅ ያለችው ላብ ቴክኒሺያን። ዝምተኛዋ። ቅዳሜ እንኳን ተረኛ አልነበረችም፤ ተረኛው እሷ ባሳየችው መንገድ ነው ሁለቱን ያስገባው። የሲስተሙ መዝገብ ላይ ግን የእሷ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ አለ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ "ሲስተሙ በተሠራበት አግባብ በትክክል ሠርቷል" አልኩ። እውነት ነው። አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ታገደች። ሐሰተኛ ታካሚ ፈጥራለች በሚል። ኮሚቴው ጥቅምት 24 ይቀመጣል። ጥፋተኛ ካላት መባረር ብቻ አይደለም፣ የሙያ ፈቃዷንም ትነጠቃለች አሉ።

ዳይሬክተሩ ስለ ሪፖርቱ አመሰገነኝ። ጥርት ያለ ነው አለኝ።

ጥቅምት 14፣ አርብ

ጠዋት ስልክ። የማላውቀው ቁጥር። ቴክኒሺያኗ ናት።

"ያንን ደብዳቤ አላሳዩዋቸውም?"

የቱን ደብዳቤ አልኳት። ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩልዎትን አለች። አላስታውስም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ፣ የድሮውን ኢሜይል ዘግተው አዲስ ሲሰጡን የእኔ ሁሉ ጠፋ፣ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው አለችና ዘጋች። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

ፈለግኩ። አለ።

የእሷ አራት መስመር ነው። ድንገተኛ ክፍል ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ይመጣሉ፣ ናሙናቸውን የምመዘግብበት መንገድ ቢኖር፣ ከአክብሮት ጋር። የእኔ መልስ ሙሉ ገጽ! ስለ ታይፕ፣ ፕሮግራሙ የትኛውን መረጃ እንደሚቀበል ስለሚወስነው ሕግ፣ አስተምሬያታለሁ። የማይሆን ነገር እንዳይጻፍ አስቀድሞ በታይፕ መዝጋት የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ትልቁ ጥቅም እንደሆነ፣ ምናምን። ከታች እንዲህ ይላል፤ "ባለቤት የሌለው ናሙና ሊኖር አይችልም። እባክዎ ታካሚዎች በአግባቡ እንዲመዘገቡ ያድርጉ።" በአግባቡ! ራሱን የሳተ ሰው በአግባቡ ስሙን ይናገር።

የባሰው አለ። የዚያኑ ቀን ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ። "ባለቤት የሌለው ደም መዝግቢልኝ የምትል ተጠቃሚ ገጥማኛለች" ብዬ። ስድሳ ሰው ስቋል። ሊቁ "ታይፑን ሳትጨርስ አትልቀቂያት" ብሏል። እኔም መልሼ ስቄያለሁ።

አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ ፊቴ ጋለ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

ደብዳቤው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ባጠፋው ማንም አያውቅም። ባላጠፋውም ማንም አይጠይቀኝም። ውሌ ህዳር ሲገባ ያልቃል፣ የሚፈርመው ዳይሬክተሩ ነው። ይሄን ሁሉ አስቤዋለሁ። አላሰብኩም ብል ለማን ልዋሽ ነው?

ሊቁ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ያስባል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አለኝ። "ስሙ ባይታወቅም ናሙናው ባለቤት አለው እኮ። ባለቤት የሌለው ናሙና የለም። ልክ ነበርሽ።"

እሱ ይሄን ሲናገር እኔ የራሴን ጥፋት አየሁት። ባለቤት አለውማ! ሰውዬው አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ይተነፍሳል። እኔ የጠየቅኩት ሰውየውን አይደለም፣ ስሙን ነው። ስምን ሰው ብዬ ነው ኮዱ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ስም ከሌለህ ሰው አይደለህም። አራት ዓመት እንደዚያ ሲሠራ ኖረ። ለሊቁ ላስረዳው ሞከርኩ፣ ወዲያው ሌላ ነገር አነሳብኝ። ደከመኝ፣ ደህና ዋል አልኩት።

እማዬ ፊቴን አይታ አልለቅ አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳቁንም ጭምር።

"ልጅቷ ልጆች አሏት?"

አላውቅም አልኩ።

"አራት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ?" አለችኝ። ሻይዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ራስ ምታት። ስላይዱን ጨረስኩ። አሥራ ዘጠኝ ገጽ። ያምራል። ያስጠላል።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ደብዳቤውን አተምኩት። ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ገና አልወሰንኩም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ስብሰባው። ሁልጊዜ የምንሰበሰብባት፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ያለች ክፍል፣ ከታች ማሽኑ ይደበድባል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ ወንበር፣ ዘጠኝ ሰው።

የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈትኩ። "ስህተት ሊጻፍበት የማይችል ፕሮግራም።" ላፕቶፑን ዘጋሁትና ወረቀቱን አወጣሁ። የእሷን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፣ የእኔን መልስ አነበብኩ፣ ግሩፑ ላይ የለጠፍኩትንና የሳቁትን ሰዎች ብዛት ነገርኳቸው። እንግዳ እንግዳ እንግዳን ነገርኳቸው። ልጅቷ ሰኞ ኮሚቴ ፊት እንደምትቀርብም።

ጸጥ አሉ። የማተሚያው ማሽን ብቻ። ደግ ነው፣ ነካቸው አልኩ በልቤ... ወዲያው ሊቁ ተነሳና ሰሌዳው ላይ ታይፕ መጻፍ ጀመረ። አንዱ አይደለም ብሎ አጠፋበት። ሌላው ማርከሩን ቀማው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰሌዳው ጢም አለ፣ ሦስት ዓይነት መፍትሔ፣ ሦስት ዓይነት ስም፣ ደግሞ የስም ጭቅጭቅ! ስለ ልጅቷ አንድ ሰው አልጠየቀም። ክፉ ሆነው አይደለም። እኛ እንደዚህ ነን፤ ሰው ሲያስጨንቀን ወደ ሰሌዳ እንሮጣለን። እኔስ ምን አደረግኩ ከዚህ ሌላ?

ወንበር ስሰበስብ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ሲስተም ላይ የሚሠራ የግሩፑ ልጅ ሊያግዘኝ ቀረ። እኛም ሲስተም ውስጥ እንደ እንግዳ ያለች ሴት ትኖር ይሆን አለኝ። እንጃ አልኩት። "ሰኞ ትኬት መቁረጫው ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ" አለ።

ዘጠኝ ሰው ሰምቷል። ከእንግዲህ ዝም ማለት የለም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ኮሚቴው አልጠራኝም፤ ራሴ አንኳኩቼ ገባሁ። አምስት ሰዎች። እሷ ከጥግ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ።

ወረቀቱን ዳይሬክተሩ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። አነበበው። መልሶ አነበበው።

"ይሄን ሪፖርትሽ ላይ ለምን አላካተትሽም?"

"ያኔ አላስታወስኩትም ነበር ዶክተር። ካገኘሁት በኋላ ግን አሥር ቀን ይዤዋለሁ።"

ለምን አላለኝም። ገብቶታል።

ከዚያ እሷን ጠየቋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉንም በአንድ ስም እያስገባሽ እንዴት ቅዳሜ ብቻ ተደበላለቀ? ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም ደብተር አወጣች። ጠርዙ ተልጧል። ቀን፣ ሰዓት፣ የአልጋ ቁጥር፣ የልብሱ ቀለም፣ ፊቱ ላይ ምልክት ካለ ምልክቱ፣ የናሙናው ቁጥር። ቤተሰብ መጥቶ ስሙ ሲታወቅ ከጎኑ በቀይ ጽፋዋለች። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም አሉ። ሁለቱ የቅዳሜዎቹ ሰዎች ሳይቀሩ፤ ሰኞ ስትገባ ገና ሳይጠይቋት አጣርታ ጽፋቸዋለች። ቅዳሜ ደብተሩ የተቆለፈ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር፣ ተረኛው መኖሩንም አያውቅም።

አራት ዓመት ያልወደቀ ሲስተም እያልኩ ስኩራራ... ሰዎቹን ለይታ ስትይዝ የነበረችው እሷ ናት። በእስክርቢቶ።

እገዳው ተነሳላት። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ውሌም ለሦስት ወር ብቻ ተራዘመ፤ ሲስተሙን እስክታስተካክዪው ተባልኩ። ሲወጡ ቴክኒሺያኗ ቀና ብላ አየችኝ። በጭንቅላቷ ሰላም ብላኝ አለፈች።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ታይፑን ለወጥኩ። ሰው ለብቻው፣ ስም ለብቻው። ሰው ምንጊዜም አለ፤ ስሙ ይታወቃል ወይም ገና አልታወቀም። አራት መስመር ነው።

ኮዱን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚፈትሸው ኮምፓይለር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ላይ አስቆመኝ። ስም አለ ብዬ የገመትኩበትን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠቆመ። እዚህ ጋ ስሙ ባይታወቅስ? እዚህስ? ይሄን ሙያ የወደድኩት ለዚህ ነበር። አይሰለቸውም፣ አንድም ቦታ አይዘልልህም። ሰው አንድ ጊዜ ሲጠይቀኝ ሙሉ ገጽ ትምህርት ሰጥቼ አባረርኩ። ማሽን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ሲጠይቀኝ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዛሬ ስድሳ አንዱን ጨረስኩ። ዓይኔ ቀልቷል።

ህዳር 3፣ ረቡዕ

የተስተካከለው ሲስተም ሥራ ጀመረ። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሲመጣ ሲስተሙ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ እጁ ላይ ይታሰራል። ሦስት ሰዎች እስካሁን። ሦስቱም ለየብቻቸው።

ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሊቁ ግን ስለ "ናሙና ችግር" ረጅም ጽሑፍ አውጥቷል። ሰማንያ ሰው ወዶለታል። ይሁን።

ህዳር 9፣ ማክሰኞ

እገዳው ከተነሳላት ወዲህ ገና ሥራ ያልገባችው ቴክኒሺያን እንግዳን ለመበተን ትናንትና ዛሬ መጣች። ከላቦራቶሪው አጠገብ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በካርቶኖች መሃል፣ እሷ ከደብተሩ ታነባለች፣ እኔ ወደየሰዉ አዛውራለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ምርመራ ሲለያይ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ወጣው። ዘጠና ስምንቱ ኋላ ላይ ስማቸው ታውቋል። አርባ አንዱ እስከመጨረሻው አልታወቁም። እነዚህን በአንድ እናስቀምጣቸው ይሆን ስል ቀና አለች።

"ለየብቻቸው" አለች።

ለየብቻቸው አደረግን። አርባ አንድ ጊዜ። ግራጫ ሹራብ የለበሰ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት። ጫማ የሌላት። እያነበበች ድምፅዋ አይለዋወጥም።

ልጆች እንዳሏት ጠየቅኳት። ሁለት ሴቶች፣ ትልቋ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ስንጨርስ መቼ ሥራ ትጀምሪያለሽ አልኳት፤ ፊቴ ላይ ደስታ ሳይታይብኝ አልቀረም። አልመለስም አለች። ሌላ ክሊኒክ ገብታለች፣ ሳምንት ሆኗታል። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እስከዚያ ድረስ አላልኳትም ነበር፣ ይገርማል።

"ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ቂም የለኝም። ግን ቢጠይቁት የማይሰማ ሰው ጋ መሥራት ያደክማል። እኔ ደክሞኛል።"

እኔ ብቻ የደከመኝ ይመስለኝ ነበር።

ደብተሩን ትታልኝ ሄደች። ይጠቅምዎታል ብላ። አንቱታዋን እስከመጨረሻው አልተወችም።

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ጠዋት ቢሮ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጥ ስል በጀርባው ተከፈተ። ከኋላ በኩል ሌላ ጽሑፍ አለ። "ሲስተሙ የማይቀበላቸው" ይላል ርዕሱ፣ ከሥሩ ተሰምሯል። የመጀመሪያው ቀን እኔ መልስ ከሰጠኋት አንድ ሳምንት በኋላ ነው። የመጨረሻው ከመታገዷ በፊት ያለው አርብ።

አሥራ ሰባት ናቸው። የእትብት ደም፤ የእናቲቱ ነው የልጁ? ሰውዬው ከሞተ በኋላ የደረሰ ናሙና። ስም ያልወጣለት ሕፃን። በሁለት ስም ሁለት ካርድ ያላት ሴትዮ። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት እሷ ምን እያደረገች እንዳለፈችው በትንሹ ጽፋለች። ሁለቱን አዲሱ ለውጥ ፈትቷቸዋል። አሥራ አምስቱ እስከዛሬ እንዳሉ ናቸው።

አንዱንም አልጠየቀችኝም። ለምን ትጠይቀኛለች? ጠይቃኝ ነበር።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ደብተሩን ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ወረድኩ። ስትታገድ በእሷ ቦታ የተተካው አዲሱ ልጅ እኔን ሲያይ ደንግጦ ተነሳ፣ ምን አጠፋሁ በሚል። ተቀመጥ አልኩት። ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

የእትብት ደም ሲመጣልህ በማን ስም ነው የምታስገባው አልኩት።

ዙሪያውን አየ። በሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እውነቱን ልንገርዎት?"

ንገረኝ አልኩት።